«ላንድ» ስንት ቃል ነው? ከጎጃም የመሬት ታሪክ ለመዝገበ ቃላት ሥራ የተገኘ ማስረጃ

መግቢያ

የእንግሊዝኛ ቃላትን በአማርኛ የመፍታት ሥራ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈራው ረጅሙንና እንግዳውን ቃል ነው። የሕክምና፣ የኬሚስትሪ ወይም የምሕንድስና ቃል ሲያጋጥመው መጻሕፍት ያገላብጣል፤ ባለሙያ ይጠይቃል፤ ያገኘውን ስያሜም ለውይይት ያቀርባል። አጭሩንና የተለመደውን ቃል ግን ሳይጠራጠር ያልፈዋል። በእኛ አስተያየት አደጋው የሚበዛው በዚህ በሁለተኛው ዘንድ ነው። የሙያ ቃል አብዛኛውን ጊዜ የታወቀና የተወሰነ ፍቺ ስላለው፣ ፍቺው ከተለየ በኋላ የሚቀረው ስም ማግኘት ብቻ ነው። ተራው ቃል ግን ከሕዝብ ኑሮ ጋር አብሮ ያደገ፣ በየዘመኑ ፍቺ ሲጨምርና ሲጥል የኖረ በመሆኑ፣ በአንድ ቃል አቻ ሊሸፈን አይችልም።

እንደ ማስረጃ «ላንድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንወስዳለን። አንድ ጀማሪ የመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ይህን ቃል በካርዱ ራስጌ ጽፎ ፍቺውን እንዲያስገባ ቢታዘዝ፣ «መሬት» ብሎ ጽፎ ወደሚቀጥለው ካርድ ይሻገራል። ተሳሳተ ለማለት አይቻልም፤ ሥራውን ፈጸመ ለማለትም አይቻልም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናሳይ የምንሞክረው፣ አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ ከብዙ ቃላት ጋር እንደሚገናኝ፣ እነዚህም ቃላት እርስ በርሳቸው እንደማይተካኩ፣ ልዩነታቸውም የቋንቋ ሊቃውንት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የኑሮና የሕግ ጉዳይ እንደሆነ ነው። ለዚህ ከጎጃም ደጋ፣ ማለትም ከደብረ ማርቆስና ከአካባቢው ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አላገኘንም።

የቃሉ ጠባይ በእንግሊዝኛ

«ላንድ» በእንግሊዝኛ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ቃል ነው። በጀርመንኛና በሆላንድኛም ዘመዶቹ በተመሳሳይ ድምፅ ይገኛሉ፤ በአገሮች ስም መጨረሻም ኢንግላንድ፣ አየርላንድ፣ ሆላንድ እየተባለ ይሰማል። ዋና ዋና ፍቺዎቹ አራት ናቸው ለማለት ይቻላል። አንደኛ፣ ከባሕር የሚለየው የምድር ክፍል፤ ሁለተኛ፣ የሚታረስ ወይም የሚሠራበት መሬት፤ ሦስተኛ፣ አገር ወይም የአንድ ሕዝብ መኖሪያ፤ አራተኛ፣ በሕግ የሚጠበቅ ሀብት ናቸው። ከዚህም በላይ ቃሉ ግሥ ሆኖ አውሮፕላን ከሰማይ፣ መንገደኛ ከመርከብ ሲወርድ ይነገርበታል።

በዙሪያውም ተመሳሳይ የሚመስሉ ቃላት አሉ። «ግራውንድ» የሚረገጠውን ገጽ፣ «ሶይል» አፈሩን፣ «ኧርዝ» አፈሩንም ዓለሙንም፣ «ካንትሪ» አገሩን፣ «ኢስቴት» የባለ ሀብቱን ይዞታ ያመለክታሉ። ከእነዚህ መካከል «ሶይል»፣ «ካንትሪ» እና «ኢስቴት» ከፈረንሳይኛ የገቡ ናቸው። ኖርማኖች እንግሊዝን በእ.ኤ.አ. 1066 ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የፍርድ ቤት ቋንቋ ስለነበረ፣ ብዙ የሕግና የሀብት ቃላት በዚያ በኩል ገብተዋል። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ የአባቶቹን ቃል ለእርሻውም ለአገሩም ሲያውል፣ ሥርዓተ ሕጉን የሚገልጽባቸው ቃላት ከሌላ ቋንቋ የተወረሱ ናቸው። አማርኛም ከግዕዝ ጋር ያለው ዝምድና በዚህ ረገድ ተመሳሳይ መልክ አለው።

የአማርኛው ወገን

በአማርኛ በኩል መጀመሪያ የሚመጡት «ምድር»፣ «መሬት»፣ «አፈር»፣ «አገር» እና «የብስ» ናቸው። ሁሉም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው።

«ምድር» በግዕዝም በአማርኛም ሰፊው ቃል ነው። ከሰማይ ጋር ሲነጻጸር ዓለሙን፣ ከስም ጋር ሲጣመር ክፍለ አገርን ያመለክታል፤ በጎጃም ምዕራብ ያለው አገው ምድር ለዚህ ምስክር ነው። «መሬት» በግዕዝ ትቢያ፣ አፈር ማለት ነበር። በአማርኛ ግን ትቢያነቱን ለ«አፈር» ትቶ ወደ ላይ አደገ፤ የሚረገጠው፣ የሚታረሰው፣ የሚለካው፣ ግብር የሚከፈልበት ሁሉ መሬት ተባለ። ቃሉን የሚያከብር ሰው «ቃሉ መሬት ጠብ አይልም» ሲባል መሬት የሚረገጠው ገጽ ነው፤ «መሬቱን አከራየ» ሲባል ግን ሀብት ነው። «ሀገር»ም እንዲሁ በግዕዝ በተለይ ከተማ ማለት ሲሆን፣ በአማርኛ ሰፍቶ የትውልድ ቀበሌንም፣ መላውን ኢትዮጵያንም ያመለክታል። በአዲስ አበባ የሚኖር የጎዛምን ሰው «አገሬ ገብቼ መጣሁ» ቢል ከኢትዮጵያ አልወጣም፤ «አገሬን እወዳለሁ» ቢል ደግሞ ጎዛምንን ብቻ ማለቱ ላይሆን ይችላል። «አገር ምድሩ» ሲባልም ሁለቱ ቃላት ተጋግዘው ሰውንም ስፍራውንም ይሸፍናሉ። «የብስ» ከባሕር የሚለየው ደረቁ ምድር ነው፤ ከመጽሐፍ ውጭ ብዙ አይሰማም።

ግሡን በተመለከተ አማርኛ ከነዚህ ስሞች ከአንዱም አልተበደረም። አውሮፕላን «ዐረፈ» ይባላል። እንግሊዝኛ የተደረሰበትን ምድር ሲመለከት፣ አማርኛ የደረሰውን ድካም ይመለከታል። ተሳፋሪ ደግሞ ከመርከብ «ወረደ» ይባላል።

ገበሬው ዘንድ ስንደርስ ቃላቱ የበለጠ ይበዛሉ። የታረሰው እርሻ ነው፤ ተከልሎ የተዘራበት ማሳ ነው፤ ከቤት አጠገብ ያለው ጓሮ ነው፤ ከብት የሚሰማራበት መስክ ወይም ግጦሽ ነው፤ ምርቱ ያማረ ለም፣ ፍሬ የማይሰጥ ጠፍ ይባላል፤ ዝናብ ሲመታው የሚጣበቀው ጥቁር አፈር ዋልካ ነው። ሳይዘራ የከረመው «ጦም ያደረ» ይባላል፤ መሬቱ እንደ ሰው ጦሙን የሚያድር አካል ሆኖ ተቈጥሯል። መጠኑም የሚነገረው በሥራው ነው፤ ጥማድ የሚባለው አንድ ጥንድ በሬ ተጠምዶ በአንድ ቀን የሚያርሰው ስለሆነ፣ ስሙ ከ«ጠመደ» የወጣ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያየነው የስፍራና የአፈር ስም ነው። የቃላቱ ልዩነት ከባዱን ፈተና የሚያመጣው ግን በአራተኛው የእንግሊዝኛ ፍቺ፣ ማለትም መሬት ሀብት በሚሆንበት ላይ ነው። እዚህ ላይ «ርስት» እና «ጉልት» ይመጣሉ፤ እኛም ወደ ጎጃም እንመለሳለን።

ርስትና ጉልት

«ርስት» ከግዕዙ «ወረሰ» የወጣ ነው። የዕብራይስጥና የዐረብኛ ዘመዶቹም መውረስን ያመለክታሉ። ስለዚህ በሥሩ ውስጥ ያለው መሬት ሳይሆን መውረስ ነው። ይህ ልዩነት በጎጃም ደጋ ኑሮ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይታያል። በዚያ ሥርዓት አንድን ቀበሌ መጀመሪያ አቅንቷል የተባለ ዋና አባት ነበር፤ የእርሱ ልጆች የከፋፈሉትን የልጅ ልጆቹ እንደገና ይከፋፈሉታል። ከወንድም ከሴትም ወገን የሚቈጠር ዘር ሁሉ ድርሻ የመጠየቅ መብት ነበረው። አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ከብዙ ዋና አባቶች ሊወለድ ስለሚችል፣ በብዙ ስፍራ ርስት አለኝ ማለት ይችል ነበር። ድርሻውን የሚያስወጣለት የትውልድ ቈጠራው፣ የሽማግሌዎች ምስክርነትና የክርክር ችሎታው ነበር።

እንግዲህ «ርስት አለኝ» እና «መሬት አለኝ» የሚሉት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አንድ አይደሉም። «በእገሌ አባት ርስት አለኝ» የሚል ሰው በዚያ ስፍራ አንዲት ጥማድ እንኳ ላያርስ ይችላል፤ ያለው ነገር የመጠየቅ መብት ነው። «ርስት በሺ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ምሳሌያዊ ንግግርም የሚያስረዳው ይህንኑ ነው። የሺ ዓመት ዕድሜ ያለው መብቱ እንጂ እርሻው አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ ተካፍሎ በእጅ የገባው እርሻም «ርስቴ» ይባላል። ስለዚህ ርስት ራሱ ሁለት ፍቺ አለው ማለት ነው፤ አንዱ መብቱ፣ ሁለተኛው መሬቱ።

«ባላባት» የሚለውን ቃል ስንመረምርም ይኸው ሐሳብ ይወጣል። ቃሉ «ባለ» እና «አባት» ተጋጥመው የሠሩት ነው፤ አባት ያለው፣ ትውልዱ የሚቈጠርለት ማለት ነው። «ባላገር» ደግሞ አገር ያለው ነው። እንግሊዝኛ ባለ ሀብቱን በያዘው መሬት ሲጠራው፣ አማርኛ በወለደው አባትና በበቀለበት አገር ይጠራዋል።

«ጉልት» ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። በግዕዝ ከ«ጐለተ» የወጣ ሲሆን፣ በአንድ ቀበሌ ላይ ግብር የመቀበልና የማስተዳደር መብት ነው። መብቱ ለመኳንንት ወይም ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥ ነበር፤ በጎጃም እንደ መርጡለ ማርያምና ዲማ ጊዮርጊስ ያሉ ታላላቅ አድባራትና ገዳማት የዚህ ሥርዓት ታሪክ አካል ናቸው። አንዱ እርሻ በአንድ ጊዜ ለገበሬው ርስት፣ ለደብሩ ጉልት ሊሆን ይችል ነበር፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም። ስለዚህ ባለ ጉልትን «የመሬት ባለቤት» ብሎ መተርጐም፣ ርስተኛውን ደግሞ «ተከራይ» ማድረግ ሁለት ስሕተት በአንድ ጊዜ መሥራት ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ባደረገው ጥናት ላይ ተመሥርቶ ስለ አማራ የመሬት ሥሪት የጻፈው መጽሐፍ በእ.ኤ.አ. 1973 ታትሟል። ይህ መጽሐፍ ለቃላት አጥኚ የሚሰጠው ትምህርት አለ። ጸሐፊው በሀብታም ቋንቋ እየጻፈ፣ «ርስት» እና «ጉልት» የሚሉትን ቃላት ግን እንዳሉ ይዟቸው ሄደ፤ በብዙ ገጽ አብራራቸው እንጂ በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አልተካቸውም። ተበዳሪው እንግሊዝኛ ሆነ ማለት ነው። በዚያው ዓመት የወጡት ሁለት የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዛግብተ ቃላት፣ ማለትም የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ፣ የቮልፍ ሌስላውም፣ ለዚህ ሥራ ትልቅ እርዳታ ሰጥተዋል። በተለይ ሌስላው ቃላትን በዐረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ የፈታበት ዘዴ፣ አንድ ቃል በየአገባቡ የተለያየ አቻ እንደሚሻ ያሳየ ነው።

ቀላድ

አሁን ወደ አንድ ሌላ ቃል እንሻገራለን፤ ያለ እርሱ የጎጃም ገበሬ ስለ መሬት ሕግ ምን እንደሰማ ሊገባን አይችልም። «ቀላድ» በቁሙ መሬት የሚለካበት ገመድ ነው። በምኒልክ ዘመን በሸዋና በደቡብ መሬት በቀላድ እየተለካ በጋሻ ተቈጠረ፤ አንድ ጋሻ በግምት 40 ሄክታር ያህላል። በደቡብ ከተለካው መሬት ብዙው ለመንግሥት፣ ለሹማምንት፣ ለወታደርና ለቤተ ክህነት ሲደለደል፣ የቀድሞው ባለ መሬት በብዙ ስፍራ ገባር ወይም ጢሰኛ ሆነ። ጢሰኛ ከ«ጢስ» የወጣ ቃል ነው፤ በሰው መሬት ላይ ጢሱ የሚታይ ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት «ቀላድ ተጣለ» የሚለው አነጋገር ገመድ ተዘረጋ ከማለት አልፎ፣ ሥርዓት ተለወጠ፣ ርስት ቀረ የሚል ፍቺ አገኘ። እንግሊዝኛው «መለካት» የሚልበትን ቃል ስንተረጕም፣ ለመሐንዲሱ ስፋትን ማወቅ ነው፤ ለርስተኛው ግን አባትን ማጣት ነው። አባት የሚቈጠረው በአፍና በምስክር ነው፤ ገመድ ግን አባት አይቈጥርም።

ይህ ፍርሃት ባዶ አልነበረም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ መንግሥት የመሬት ግብርን አንድ ወጥ ለማድረግ ደጋግሞ ሞክሯል። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከፍሎ በጋሻ ሲተምን፣ ጎጃምን፣ በጌምድርንና ትግሬን በዚህ የጋሻ ተመን ውስጥ አላስገባቸውም። ርስት ባለበት ስፍራ ጋሻ የሚባለው መለኪያ የሚያርፍበት አልነበረውም። በጎጃም ግን ከ1934 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታትም፣ በ1942 ዓ.ም. ገደማም ከመሬት ግብርና ከልኬታ ጋር የተያያዘ ተቃውሞ ተነሥቷል።

የ1960 ዓ.ም. ዐዋጅና ሁለቱ ጆሮዎች

በ1934 ዓ.ም. የተመሠረተው ነጋሪት ጋዜጣ ሕጎችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ያትም ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በረኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛ የተመለሰ ነው። የዚያ ዘመን ሕግ እንግዲህ ብዙ ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ቋንቋ የታሰበ ነበር። ሕጉ መሬትን «የማይንቀሳቀስ ንብረት» በሚለው ክፍል ያስገባዋል። አፈሩ በእርግጥ አይንቀሳቀስም፤ ርስት ግን በትውልድ፣ በክርክርና በድልድል ሲንቀሳቀስ የኖረ ነው።

በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። ዐዋጁ አሥራትን ሽሮ፣ ግብሩ ከእርሻ በሚገኘው ገቢ ልክ እንዲከፈል የሚያደርግ ነበር። በአርቃቂዎቹ ቋንቋ ነገሩ ግልጽ ነው፤ የሚገመተው ገቢው እንጂ የሚለካው መሬቱ አይደለም። በጎጃም ግን ገማቾች ሲመጡ የተሰማው ቀላድ መጣ የሚል ነበር። በ1960 ዓ.ም. ውስጥ በሞጣ፣ በቢቸና፣ በደጋ ዳሞትና በሌሎችም ስፍራዎች ገበሬው ግብሩን እምቢ ብሎ ተነሣ። መንግሥት ፖሊስና ጦር ላከ፤ በመንደሮች ላይም ከአየር ቦምብ ተጣለ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቈ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ዐዋጁም በጎጃም በተግባር ሳይውል ቀረ፤ ቆይቶም የተከማቸው ውዝፍ ግብር ተማረ።

ይህን ሁሉ አንድ ቃል አመጣው ለማለት አንደፍርም። የአስተዳደር በደል፣ የሹማምንት ምዝበራ፣ የውዝፍ ክምችት፣ የጎጃም ሰው ለማዕከላዊው መንግሥት የነበረው ጥርጣሬ ሁሉ ድርሻ ነበራቸው። እኛ በሙያችን ልንናገር የምንችለው ስለ ቃሉ ድርሻ ነው። በዚህ ረገድ «ገቢ» የሚለውን ቃል መመርመር ይጠቅማል። በኢኮኖሚ ቋንቋ ገቢ ወደ ሰውየው የሚገባው ነው። በባላገር ጆሮ ግን እህሉ «ምርት» ነው፤ የዓመቱ «እህል» ነው። «ገቢ» የሚሰማው በአብዛኛው ከመንግሥት ጋር ነው፤ ግብር «ለመንግሥት ገቢ» ይሆናል፤ የተወረሰ ንብረትም «ለመንግሥት ገቢ ተደረገ» ይባላል። «ግብር»ም በበኩሉ በግዕዝ ሥራ ማለት ሲሆን፣ በአማርኛ የቤተ መንግሥት ድግስም ለመንግሥት የሚከፈለውም ነው፤ «ገበሬ» እና «ገባር» ከዚሁ ሥር የወጡ እኅትማማቾች ናቸው። አንዱ ለራሱ የሚሠራ ነው፤ ሌላው ለጌታው የሚከፍል ነው። «የእርሻ»፣ «ገቢ» እና «ግብር» በአንድነት ሲነገሩ፣ አርቃቂው አንድ ነገር አለ፤ እርሻው ለመንግሥት ገቢ ሊሆን ነው የሚል ስጋት ያለው ሰው ግን ሌላ ነገር ለመስማት ቃሉ ራሱ በር ይከፍትለታል። ዐዋጁ በትክክል ተተርጕሞ ሊሆን ይችላል፤ በትክክል ተፈትቷል ማለት ግን አይደለም።

ከ«መሬት ላራሹ» እስከ «ይዞታ»

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። ቃሉ የተመረጠው በማስተዋል ይሁን በልማድ፣ «ርስት ላራሹ» አልተባለም፤ ሊባልም አይችልም ነበር። ርስት አባትን ይጠይቃል፤ መሬት የሚጠይቀው አራሽን ብቻ ነው። በደቡብ ያለ ጢሰኛ ይህን ሲሰማ ነጻነቱን ሰማ። የራሱን ርስት ለሚያርሰው የጎጃም ገበሬ ግን መፈክሩ አስቀድሞ በእጁ ያለውን ነገር የሚናገር ነበር፤ ምናልባትም በአባቶቹ ስም ሊጠይቅ የሚችለውን የሚያስቀርበት ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው ዐዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ርስትና ጉልት በሕግ ቀሩ። ርስት ይገኝባቸው ለነበሩት አካባቢዎች ዐዋጁ የተለየ ምዕራፍ ነበረው፤ በእንግሊዝኛውም በ«የጋራ» መሬት ስም ተጠርተዋል። እዚህም የቃላት ጥያቄ ይነሣል። እንግሊዝኛ «የግል» እና «የጋራ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አዘጋጅቶ ነበር፤ ርስት ግን ለሁለቱም አይሆንም። ሰው ለብቻው ስለሚያርሰውና ምርቱን ለብቻው ስለሚያገባ የግል ይመስላል፤ የአንድ አባት ዘር ሁሉ ሊጠይቀው ስለሚችል የጋራ ይመስላል። በአንዱ ሳጥን ካስገባነው የሌላውን ግማሽ እንቈርጠዋለን።

ከዚያ በኋላ በሕጉ ቋንቋ የነገሠው ቃል «ይዞታ» ነው። ከ«ያዘ» የወጣ ሲሆን፣ ባለቤትነትን ሳይሆን በእጅ ማድረግን ይናገራል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ፣ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት እንደሆነ ሲደነግግ፣ ለገበሬው የቀረው ቃል ይህ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራ ክልል የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ሲጀመር፣ በምሥራቅ ጎጃምም ማሳዎች በገመድና በሜትር እየተለኩ ተመዘገቡ። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ዐዋጅ ቁጥር 133ም ይህንኑ ይዞታ የሚመለከት ነበር።

የታሪክ ተማሪ ልብ ሊለው የሚገባው ይህ ነው። በ1960 ዓ.ም. ገመድ ይመጣል ተብሎ ደም የፈሰሰበት አገር፣ አርባ ዓመት ሳይሞላ ገመዱን ተቀበለ። ገመዱ ያው ገመድ ነው፤ የተለወጠው ስሙና የሚያመጣው ነገር ነው። በፊተኛው ዘመን ልኬታ አባትን የሚያስጥል ነበር፤ በኋለኛው ዘመን ግን የባልና የሚስትን ስም በደብተር የሚያሰፍር፣ ከሚቀጥለው ድልድል ይጠብቃል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት ሆነ። «ቀላድ» የሚለው ቃል በደብተሩ ላይ አልተጻፈም፤ «ርስት»ም አልተጻፈም። ነገር ግን ሽማግሌው ለልጁ «ርስትህን ጠብቅ» ሲለው፣ በሕግ የተሻረው ቃል በቤት ውስጥ ሥራውን አላቆመም።

ለመዝገበ ቃላት ሥራ የምናቀርበው ሐሳብ

ከላይ ከተዘረዘረው ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ የተለመደ የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ የአማርኛ አቻ እንዳይዘጋ፤ ፍቺዎቹ በቁጥር ተለይተው ለየፍቺው አቻው ይሰጥ፤ አገባቡም በዐረፍተ ነገር ይታይ። ሁለተኛ፣ አቻ ሆነው የሚመጡት ቃላት ዘመናቸውና አገራቸው ይጠቀስ። «ርስት» ከ1967 ዓ.ም. በፊት የሕግ ቃል ነበር፤ ዛሬ የታሪክና የልማድ ቃል ነው። «ጋሻ» በሸዋ መለኪያ የሆነውን ያህል በጎጃም አልሆነም። ሦስተኛ፣ አንድ ቃል ለሕግ ወይም ለዐዋጅ ሲመረጥ፣ ቃሉ በጽሕፈት ቤት ምን ማለት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ሕጉ በሚነገረው ሰው ጆሮ ምን እንደሚል አስቀድሞ ይጠና።

በዚህ መሠረት «ላንድ» ለሚለው ቃል የሚከተለውን አፈታት ለውይይት እናቀርባለን።

ላንድ (ስም)፦ 1. የብስ፤ ምድር፤ ከባሕር የሚለየው። «መርከበኞቹ ከብዙ ቀን በኋላ የብስ አዩ።» 2. መሬት፤ የሚታረስ፣ የሚሠራበት። ሲዘራበት ማሳ፣ ሲታረስ እርሻ፣ ከብት ሲሰማራበት ግጦሽ። «መሬቱ ዘንድሮ ጦም አደረ።» 3. አገር፤ የትውልድ ስፍራ፣ የአንድ ሕዝብ መኖሪያ። «ወደ አገሩ ተመለሰ።» 4. በሕግ፣ ሀ) ርስት፤ በትውልድ የሚጠየቅ መብት፣ እንዲሁም በዚህ መብት የተገኘ መሬት፤ በተለይ በሰሜን፣ እስከ 1967 ዓ.ም.። ለ) ይዞታ፤ በሕግ ተረጋግጦ የተያዘ የገጠር መሬት፤ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ። ጉልት፦ ግብር የመቀበልና የማስተዳደር መብት እንጂ መሬቱ ስላልሆነ በዚህ አይገባም። ላንድ (ግሥ)፦ 5. ዐረፈ፣ አውሮፕላን። 6. ወረደ፣ መንገደኛ ከመርከብ።

ይህ አፈታት ፍጹም ነው አንልም። ማሳን የሚያህል ሰፊ የገበሬ ቃላት ክምችት ገና ያልተሰበሰበ ስለሆነ፣ በጮቄ ዙሪያ ካሉት ወረዳዎች ጀምሮ በየአካባቢው ያሉት የአፈር፣ የወሰንና የድርሻ ስሞች እየተመዘገቡ ሊጨመሩበት ይገባል። ርስት የሚቈጠርበትን ትውልድ በቃላቸው የሚያውቁት ሽማግሌዎች እየቀነሱ ሲሄዱ፣ ቃላቱም አብረዋቸው ይሄዳሉ። ካርዱ ላይ «መሬት» ብሎ ጽፎ ለመሻገር የሚቸኩል ሁሉ ይህን ቢያስታውስ፣ የሚያስገባው ፍቺ አንድ መስመር ብቻ ሳይሆን የአንድ አገር ሙግት ያለበት መሆኑን ይረዳል ብለን እናምናለን።